«እኔ የምቀባው እኮ ሰማዩን አይደለም»

ጅማ ላይ በነሐሴ የውጭ ግድግዳ የሚያስቀባ ሰው ወይ ሰርግ አለበት፣ ወይ ተከራይ ሊገባበት ነው። መንደራ ቆጪ ሰፈር የሚኖሩት ሀጂ ሰርግ ነበረባቸው፤ የልጃቸው ኒካህ ጳጉሜን ላይ ነው።

ቀቢው ማታውን ምዕራብ በሚያየው ግድግዳ ላይ ክንድ በክንድ የሆነ ላስቲክ ለጥፎ፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጎት አደረ። ጠዋት ላስቲኩ በውስጥ በኩል ውሃ አቁሯል።

«ጤዛ ነው» አሉ ሀጂ።

«ጤዛማ ቢሆን በውጭ በኩል ነበር። ይሄ ግድግዳው የተነፈሰው ነው።»

ሀጂ በጣታቸው ዳበስ አድርገው ስልካቸውን አወጡ። አዲስ አበባ ያለው የእህታቸው ልጅ፣ ኢንጂነሩ፣ የአየር ትንበያ ልኮላቸዋል፤ ፀሐይ ነው ይላል። «ቀና ብለህ እየው እስቲ፣ ጥርት ብሏል!»

«ሀጂ፣ እኔ የምቀባው እኮ ሰማዩን አይደለም።»

መልሷን የሰፈሩ ቀቢዎች እስካሁን ይቀባበሏታል። ቀለሙ ግን በዚያው ቀን ተከፈተ።

ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ ልስን ሁለት ቀን ፀሐይ ቢያገኝ የሚደርቀው ላዩ ብቻ ነው። በላዩ ቀለም ሲከደንበት ውስጡ የቀረው ውሃ ፀሐይ ሲመታው መውጫ ይፈልጋል፤ ቀለሙን ይነፋዋል፣ ከዚያ ይልጠዋል። ጣሳው ላይ ከ10 ዲግሪ በታች አትቀቡ የሚለው ለጅማ ክረምት ብዙም አያሰጋም፤ እዚህ ጠላቱ እርጥበት ነው። የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ ሲያልፍ የውሃ ቀለም ውሃውን የሚሰጠው ቦታ ያጣል። በደረቅ ቀን በ4 ሰዓት ልዩነት የሚደረበው ሁለተኛ እጅ ያኔ ለነገ ማደር አለበት። ዝናቡ ደግሞ የሚወደው ከሰዓት በኋላን ነው። ግድ ከሆነ ጤዛው ሲለቅ፣ 3 ሰዓት ግድም ተጀምሮ፣ 6 ሰዓት ላይ ሮለሩ መታጠብ አለበት።

ቀቢው በረንዳውን ቀድሞ ጨረሰ፤ ሀጂ ግን ምዕራቡም ዛሬውኑ ይለቅ አሉ። 8 ሰዓት ላይ አለቀ፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ዘነበ። ጠቆር ያለው አረንጓዴ ቀለም ላይ ቡናማ፣ እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ፈሳሽ ወረደ፤ ከታች ግማሽ ሜትሩን ቀይ አፈር ረጨው። ቡናማው እንኳ በንጹሕ ውሃ ይለቃል። መስከረም ላይ ከመስኮቱ ሥር የተነፋው ነው የማይለቀው።

ኢንጂነሩ ከአዲስ አበባ ሆኖ ምክንያቱን ወዲያው አገኘው፤ ቀለሙ ፎርጂድ ነው። በረንዳው ላይ ያለው ያው ጣሳ፣ ያው ቀለም፣ ሰፊ የጣሪያ ክዳን ሥር ስለሆነ ዛሬም አልተነካም። ሀጂ እንግዳ ሲመጣ የሚያሳዩት እሱን ነው፤ «በነሐሴ የተቀባ» እያሉ።

ምዕራቡ በታኅሣሥ ተደገመ። የተነፋው ተፋቀ፤ የሻገተው አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ ታጥቦ ተለቀለቀ፤ ላስቲኩ እንደገና ታሽጎ ደረቅ ሆኖ ሲያድር ከቀለም በፊት የሚቀባው ፕራይመር ገባ። ሥራው ጥላውን ተከትሎ ሄደ፦ ምዕራቡ ጠዋት፣ ምሥራቁ ከሰዓት፤ በጋለ ግድግዳ ላይ ቀለም ሳይያያዝ ላዩ ይደርቃልና። የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝም 9 ሰዓት ላይ ይቆማል።

በዚያው የብረቱ በር ዘይት ቀለም ተቀባ። ዘይት ቀለም እስኪይዝ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፤ ወሩ ደግሞ ቡና የጫኑ አይሱዙዎች በፒስታው የሚመላለሱበት ነው። ማታ በሩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻክሯል።

«ለዚህስ ነሐሴ ይሻል ነበር» አሉ ሀጂ።

እውነታቸውን ነው፤ በነሐሴ አቧራ የለም። በሩ ታሽቶ እሑድ፣ መኪና ሲቀንስ፣ መንገዱ ላይ ውሃ ተረጭቶ ተደገመ። ውሃውን የረጩት ሀጂ ናቸው።