የዳማ ኮቴ

ፈረሴን ዳማን ያገኘሁት ሐምሌ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዓመታት ጋሪ ጎትቷል። ባለቤቱ «ከእንግዲህ አይሆነኝም» ብሎ መንገድ ላይ ሊለቀው ሲል ገዛሁት። ኮብልስቶን ላይ ሲራመድ እሾህ የፈራ ሰው ይመስል ነበር። እኛ አገር አብዛኛው ፈረስ ብረት ጫማ አያውቅም፤ በኮቴው ነው የሚኖረው። የዳማ ኮቴ ግን ጫፉ ረዝሞ ተቆልምሟል። የግራው የፊት እግር ደግሞ ከታች እስከ መሃል ተሰንጥቋል።

እግሩን አንሥቼ ጭቃውን በእንጨት ስጠርግለት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ከኮቴው ሥር መሃል ላይ፣ ተረከዙ ጋ ሰፍቶ ወደ ፊት የሚሾል ለስላሳ ክፍል አለ። ሲረግጥ እንደ ትራስ የሚቀበለው እሱ ነው። ጤነኛ ሲሆን እንደ ጎማ ነው። የዳማ ግን ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ጣቴን ያስገባ ነበር።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ያን ሳምንት ነው። ጉጠትና ሞረድ ተውሼ ትርፍ የመሰለኝን ሁሉ በአንድ ቀን ቆረጥኩ። የቀኙ ጫፍ ላይ መጀመሪያ ሮዝ ነገር ታየኝ፤ ወዲያው ደም ጠብ አለ። ዳማ እግሩን ነጥቆኝ ሸሸ። አሥር ቀን አነከሰ። ያኔ ያየኝ አስተያየት እስካሁን ይከነክነኛል።

ዕድሜያቸውን ከፈረስ ጋር ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ። መጥተው አዩና «ልጄ፣ ኮቴ የሚበቅለው ከላይ ነው። አንተ ከታች ልታድነው ትሮጣለህ» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ኮቴ ከፀጉሩ ሥር ተነሥቶ ያድጋል፤ በወር 1 ሳንቲሜትር እንኳን አይሞላም። ከላይ እስከ ፊተኛው ጫፍ ለመድረስ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጅበታል። የተሰነጠቀ ኮቴ መልሶ አይገጥምም፤ ጤነኛው ከላይ እየወረደ ይተካዋል እንጂ። የእኔ ሥራ የረዘመው ጫፍ በየእርምጃው ስንጥቁን እንዳይፈለቅቀው ማድረግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየ4 ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እሞርዳለሁ። ውጫዊውን ግድግዳ ከመርገጫው ጋር የሚያያይዝ ነጣ ያለ መስመር አለ፤ ድንበሬ እሱ ሆነ። ወደ ውጭ የተንሻፈፈውን እሞርዳለሁ፣ ጠርዙን አጠጋጋለሁ፣ በቃ። መርገጫውን በቢላ መፋቅ ተውኩ። ከጠጠር የሚከላከልለት ያ ውፍረት ነው።

እውነት ለመናገር ከሞረዱ በላይ የጠቀመው ማደሪያው ነው። ድሮ ሽንቱና ፋንድያው ላይ ታስሮ ያድር ነበር። ጣሪያ ሥር ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር አነጠፍኩለት፤ ፋንድያውን በየማታው አነሣለሁ። የበሰበሰውን በጨው ውሃ አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ያዘዘውን አዮዲን እቀባው ነበር። በ6 ሳምንት ሽታው ጠፋ።

ምግቡም ላይ ተሳስቻለሁ። ከስቷል ብዬ ገብስ በገፍ ሰጠሁት። እህል ሲበዛ የኮቴው ውስጥ ይቆጣል፤ ሕመሙም ከባድ ነው። ቶሎ ወደ ሣርና ድርቆሽ መለስኩት።

ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው የምንለው በፈረሳቸው ስም ነው። ፈረስን እንዲህ ባከበረ አገር የጋሪ ፈረስን እግር አንሥቶ የሚያይ ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል።

ጥቅምት ላይ ከፀጉሩ ሥር ሁለት ጣት የሚሆን አዲስ ኮቴ ወጣ። ከአሮጌው የሚለየው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አዲሱ ቀጥ ያለ፣ አሮጌው የተንሻፈፈ። በየወሩ በክር እለካው ነበር። ሰኔ ሲገባ መስመሩ መሬት ሊደርስ የአንድ ጣት ስፋት ቀረው።

ባለፈው ሳምንት ኮብልስቶኑ ላይ አወጣሁትና ጎንበስ ብዬ አረጋገጡን አየሁ። በፊት በጫፉ ነበር የሚነካው። አሁን ቀድሞ የሚያርፈው ተረከዙ ነው። ስንጥቁ ታች ላይ ትንሽ ቀርቷል። ከ2 ሳምንት በኋላ እንደገና እሞርደዋለሁ።