ሦስተኛው

ደብዳቤዬ በእድር ስብሰባ ላይ ከተነበበ ሦስት ሳምንት አልፎታል። እኔ ግን ጥርሴን ስቦርሽም ታክሲ ስጠብቅም እንደገና ሲነበብ ይሰማኛል።

ነገሩን የጀመረችው እናቴ ናት። የዲፕሎማትነት ሥልጠና እንደገባሁ ማዕረጎቹን በስልክ ዘርዝሬላት ነበር፤ ከታች አታሼ፣ ቀጥሎ ሦስተኛ ጸሐፊ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ፣ እያለ እስከ አምባሳደር። እሷ አንዱን መርጣ የጅማ ሰፈራችንን፣ ሂርማታን፣ በሙሉ አዳረሰችው። እኔ ገና ሠልጣኝ ነኝ፤ አታሼም አይደለሁም። ጅማ ስደርስ ግን ሰፈሩ «ሦስተኛ ጸሐፊ» ብሎ ተቀበለኝ። የከፋው አባቴ ብቻ ነው።

«ከክፍል አንደኛ ስትወጣ ኖረህ እዚያ ሦስተኛ? የቀደሙህ ሁለቱ እነማን ናቸው?»

አስረዳሁት። «ግድ የለም፣ ሦስተኛም አይናቅም» ብሎ አጽናናኝ።

ጎረቤታችን እማማ ወሬውን ሰምተው መጡ። ከእድሩ የተዋሱትን ትልቅ ድስት ያለ ክዳኑ መልሰዋል፤ ኮሚቴው ደግሞ ካሳ ካልከፈሉ ኩሽናቸውን ሊፈትሽ ነው። «ጸሐፊ ከሆንክ ልጄ፣ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አሉኝ።

ጤነኛ ሰው ሦስት መስመር ይጽፍ ነበር። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ኤምባሲዎች የሚጻጻፉበትን ደብዳቤ፣ ኖት ቨርባልን፣ ተምሬ ነበር። ኖት ቨርባል በሦስተኛ መደብ ይጻፋል፣ በሰላምታ ተከፍቶ በሰላምታ ይዘጋል፣ ሙሉ ፊርማም አያርፍበትም። እናም «የእማማ መኖሪያ ቤት ለተከበረው እድር ሰላምታውን እያቀረበ፣ የድስት ክዳንን በሚመለከት የሚከተለውን ለመግለጽ ክብር ይሰማዋል» ብዬ ጀመርሁ። ጉዳዩ በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 33 መሠረት በድርድርና በሽምግልና እንዲፈታ ጠየቅሁ። ስለ ፍተሻው፣ የኤምባሲን ግቢ ያለ ፈቃድ መግባት የሚከለክለውን የቪየና ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1961) አንቀጽ 22 ጠቀስሁ። ሁለት ገጽ ሞላ። ክዳን የሚለው ቃል ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ገብቷል።

እሑድ በሱፍ ልብስና በክራባት ሄድሁ። (ሠልጣኝ ከሱፍ አይለይም የሚለውን ደንብ ያወጣው ሰው በክረምት ጅማ ላይ ከባጃጅ ወርዶ አያውቅም። ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።) የእድሩ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡ። ሰላምታው ላይ ሲደርሱ አንድ ሽማግሌ «ቤቱ ነው ሰላም ያለን?» ብለው ጠየቁ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

«ፊርማውስ?» አሉ መምህሩ።

«ኖት ቨርባል አይፈረምም» አልሁ ከኋላ ተነሥቼ።

መምህሩ በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የእድራችን ጸሐፊ ቁጥር የላቸውም። ጸሐፊ ናቸው፣ በቃ። ወረቀቴን ገልብጠው በጀርባው «ክዳኑ ጠፍቶብኛል። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እተካለሁ» ብለው ጻፉ። እማማ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ፣ ተጨበጨበ።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ያለ ጦርነት ተስማምተው፣ ግብር እየከፈሉ ዙፋናቸውን ያቆዩት ከዚህችው ከተማ በላይ፣ ጅሬን ላይ ተቀምጠው ነው። እኔ ከሥሩ አድጌ በክዳን ተረታሁ።

ይህም አልበቃ ብሎ፣ ያን የሚያህል ክዳን እዚህ አይገኝም ተባለና «ሦስተኛው ከአዲስ አበባ ይዞ ይምጣ» የሚል ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። እናቴ የድስቱን አፍ በሲባጎ ለክታ፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥራ ኪሴ ከተተችው። ባለፈው ማክሰኞ ስለ ግብዣ አቀማመጥ ስንማር መሐረብ ሳወጣ ሲባጎው ተከትሎ ወጣ። አሠልጣኙ አንሥተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። «የሥራ ጉዳይ ነው» አልሁ።

ቅዳሜ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገባሁ። ነጋዴው ሲባጎውን በየክዳኑ ላይ ዘረጋው፤ አንዱ በሁለት ጣት ይሰፋል፣ ሌላው በአንድ ጣት ይጠባል። በመጨረሻ ሲባጎውን ጠቅልሎ መለሰልኝ።

«ድስቱን ይዘህ ና» አለኝ።