የተሰረዘው አንቀጽና ያልጠፋው ማይክ

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በተመረቁበት ቀን የሆነ ነው። የትምህርት ቤቱ ስም ለጉዳዩ አይጠቅምም፤ በምርቃት ሰሞን ድንኳን የሚተከልበት ግቢ ሁሉ ይህ ሊደርስበት ይችላል።

ፕሮግራሙ ጠዋት 2፡30 ይጀምራል ተብሎ 3፡40 ላይ ተጀመረ። ድሬ ላይ የአንድ ሰዓት መዘግየት ቀላል አይደለም። 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ድንኳን ሥር የተቀመጠ ወላጅ የሚያዳምጠው ሙቀቱን ነው። የተማሪዎቹ ተወካይ ንግግር ተራ ቁጥር 9 ላይ ነበር፤ ከመዝሙሩ፣ ከርዕሰ መምህሩ ሪፖርት፣ ከክብር እንግዳው ንግግርና ከሁለት ጭፈራ በኋላ። ተራዋ ሲደርስ 5፡20 ሆኗል፤ የፕሮግራሙ ወረቀት ማራገቢያ ከሆነ ቆይቷል።

ንግግሯ አንድ ገጽ ተኩል ነው። የአማርኛ መምህሯ ከሁለት ሳምንት በፊት አይቶ፣ ሰዋስው አርሞ፣ ጥሩ ነው ብሎ ፈርሞበታል። ዩኒት ሊደሩም አይቶታል። ርዕሰ መምህሩ ግን ያነበበው በዕለቱ ጠዋት፣ እንግዶች በር ላይ ሲደርሱ ነበር። ልጅቷ ጋውኗን ለብሳ እንደቆመች አንድ አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘባት። አንቀጹ እንዲህ የሚል ነበር፤ በአራት ዓመት ቆይታችን የሴቶች ሽንት ቤት ጎን ያለው ባለ ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ውሃ የያዘባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ የወር አበባችን ሲመጣ ቤት እንቀራለን፤ ከኋላችን ለሚመጡት እህቶቻችን ይህ ይስተካከልላቸው። ስድብ የለበትም፤ የሰው ስም አልተነሳበትም።

«ይሄ ዛሬ አይሆንም የኔ ልጅ፤ ከቢሮ እንግዳ አለ» አላት።

«እሺ ቲቸር» አለች።

ብዙ ርዕሳነ መምህራን የሚሳሳቱት ይህችን «እሺ» ሲሰሙ ነው። ወላጅ እያየ፣ ጋውን ለብሳ፣ በዚያው ጠዋት መድረክ የምትወጣ ልጅ ሌላ የምትለው የላትም። ተስማማች ማለት አይደለም።

አትሮኖሱ ላይ ሁለት ማይክ ነበር። አንዱ ባለ ገመዱ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ላይ ቻናል 1 የተሰካ። ሌላው የመድረክ መሪው ገመድ አልባ ማይክ፣ ቻናል 3። መድረክ መሪው ልጅቷን ጋብዞ ሲወርድ የራሱን ማይክ ሳያጠፋ አትሮኖሱ ላይ ትቶት ወርዷል። ሚክሰሩ ጋ የተቀመጠው ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ልጅ ሳይሆን ከስፒከሩ ጋር በኪራይ የመጣ ሰው ነው። ቻናሎቹ ላይ ምንም አልተጻፈም።

ልጅቷ የተሰረዘው ጋ ስትደርስ ለአፍታ ዝም አለች፣ ከዚያ አነበበችው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ርዕሰ መምህሩ ከፊት ወንበር እጁን አንገቱ ላይ አሳልፎ ለባለ ስፒከሩ ምልክት ሰጠ። ሰውየው ቻናል 1ን ወደ ታች ሳበ። ድምጿ ግን አልጠፋም፤ ከጎን በተጋደመው ማይክ በኩል ቀጠነ እንጂ ይሰማል። ድምፅ ሲቀንስ ሰው ጆሮውን ያቀናል፤ ያን ሁሉ ሰዓት ሲያወራ የነበረ ድንኳን ጸጥ አለ። ርዕሰ መምህሩ ተነሥቶ ወደ አትሮኖሱ ሄደና ጠጋ ብሎ፣ ማይኩ ጠፍቷል ብሎ ስላሰበ፣ «በቃሽ! እንግዳ ፊት ታዋርጂኛለሽ?» አላት። ይህም በቻናል 3 በኩል በአራቱም ስፒከር ወጣ።

ከኋላ አንድ ወላጅ «አቦ ልጅቷን ተዋት!» አለ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን መልሶ መያዝ አልተቻለም። ከቢሮ የመጣው እንግዳ ሲወጣ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ሮቶው የቱ ጋ እንደሆነ።

ባይሰረዝ ኖሮ አንቀጹ ሠላሳ ሰከንድ ቢወስድ ነው። በዚያ ሙቀት ግማሹ ወላጅ ባልሰማው ነበር።

አብሮ መታየት ያለበት ከዚህ በኋላ የተሠራው ነው። ልጅቷ መጻሕፍት መልሳ፣ ክሊራንስ ጨርሳ ትራንስክሪፕቷን ልትወስድ ስትሄድ ሪከርድ ቢሮው «ዳይሬክተሩን አናግሪ» አላት። ይቅርታ በጽሑፍ ካላመጣች አይሰጣትም ተባለ። አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ማይክ ማጥፋቱ በድንጋጤ የተሠራ ነው ሊባል ይችላል፤ ይሄኛው ግን ቤት ገብቶ፣ አድሮ፣ ታስቦበት የተሠራ ነው። ጥፋት አለ ከተባለ ዲሲፕሊን ኮሚቴ አለ፣ ልጅቷ ትጠየቃለች፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ትራንስክሪፕት የተማሪው ውጤት ማስረጃ ነው፤ የጠባይ ማረሚያ ሆኖ አያውቅም። እናቷ የወላጅ መምህራን ኅብረቱን ሰብሳቢ ይዘው ባይመጡ ስንት ቀን ይቆይ እንደነበር አይታወቅም።

ጉዳዩን ለመነጋገር በተጠራው ስብሰባ ላይ አንዱ መምህር ሕገ መንግሥቱን ይዞ መጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ሐሳቡን የመግለጽ ነፃነት አለው ይላል። «ማንኛውም ሰው» ሲል የ12ኛ ክፍል ተማሪን አላወጣም። ገደብ ሊጣል የሚችለውም በሕግ ነው፤ እሱም ቢሆን ሐሳቡ በይዘቱ ወይም በሚያስከትለው አስተሳሰባዊ ውጤት አይገታም በሚል መርህ ላይ ቆሞ፣ የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ነው። የትምህርት ቤት ገጽታ ከነዚህ ውስጥ አልተጻፈም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 12 ላይ ልጁ በሚመለከተው ጉዳይ አስተያየቱ እንዲሰማና ክብደት እንዲሰጠው ያዛል። ርዕሰ መምህሩ ያነሳውም ተራ ነገር አልነበረም፤ መድረኩ የትምህርት ቤቱ ነው፣ ለጠየቀ ሁሉ ማይክ ስጥ የሚል ሕግ የለም። ልክ ነው። መድረኩን ለማን እንደሚሰጥ መምረጥ ይችላል። ከሰጠ በኋላ ግን በቀይ እስክሪብቶ ያለ ምክንያት መሰረዝ ሌላ ነገር ነው።

ክርክሩ የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1988 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤት በራሱ ስም በሚያወጣው የተማሪ ጋዜጣ ላይ ትምህርታዊ ምክንያት ካለው መቆጣጠር ይችላል ብሎ ወስኗል፤ ትምህርት ቤቶች ለምርቃት ንግግርም ይህን ይጠቅሳሉ። ሕጉ ፈቀደም አልፈቀደ ማይክ ማጥፋት እዚያም አልሠራም። በ2021 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ የአንድ ተመራቂ ማይክ ጠፍቶ ወረቀቱ ከፊቱ ተወሰደ፤ ልጁ የቀረውን በቃሉ ጨረሰው፣ ቪዲዮውም አገር አዳረሰ።

ትምህርት ቤቱ በመጨረሻ አንድ ገጽ መመሪያ አወጣ። ጥሩ ጎኑ አጭርነቱ ነው። ንግግሩ ከምርቃቱ አሥር የሥራ ቀን በፊት ይገባል፤ ከአራት ደቂቃ አይበልጥም። አማርኛን ረጋ ብሎ የሚያነብ ተማሪ በደቂቃ ወደ 90 ቃል ስለሚሄድ ጽሑፉ ከ350 ቃል ብዙ ማለፍ የለበትም። ሁለት ሰው ይገመግመዋል፤ አንዱ የቋንቋው መምህር፣ ሌላው ከወላጆች። ርዕሰ መምህሩ አስተያየት ካለው በዚያው ሳምንት ይስጥ፤ በምርቃቱ ጠዋት ማንም እስክሪብቶ አያነሣም።

ለመሰረዝ የሚበቁት ምክንያቶች ተለይተው ተጽፈዋል፦ ስም ጠርቶ መስደብ፣ ማስረጃ የሌለው ክስ፣ የሌላ ሰው የቤትና የጤና ምሥጢር፣ እንዲሁም በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የተከለከለው የጥላቻ ንግግር። «እንግዳ ይከፋዋል» የሚለው ቀረ። «ያልተለመደ ነው» የሚለውም ቀረ፣ ያውም ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ። ገምጋሚው አንድ መስመር ከሰረዘ ጎኑ ላይ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል፤ አስተካክሎ የሚጽፈው ግን ተማሪው ራሱ ነው። ካልተስማማ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ወላጅ መምህራን ኅብረቱ ይወስደዋል። ይህ «ምክንያቱን ጻፍ» የሚለው ነገር ብቻውን ብዙ ሥራ ይሠራል፤ «የሮቶው ነገር ያሳፍረኛል» ብሎ ጽፎ የሚፈርም ሰው ከባድ ነው።

በመጨረሻ የጸደቀው ጽሑፍ በትልቅ ፊደል፣ በወረቀቱ አንድ ጎን ብቻ ታትሞ ሦስት ቅጂ ይሆናል፦ ለተማሪው፣ ለመድረክ መሪውና ለፋይል። ያን ዕለት ሦስት ሰው የያዘው ሦስት ዓይነት ጽሑፍ መሆኑ ግርግሩን አብሶት ነበር።

ከጽሑፉ የወጣ ተማሪስ? አራት ደቂቃው እስኪያልቅ ይተዋል፤ መድረክ መሪው አመስግኖ ይረከባል። ሰውን በሰው ላይ የሚያነሣሣ ነገር ከመጣ መድረክ መሪው ራሱ ወጥቶ አጠገቡ ይቆማል፣ ቃሉን ይቀበላል። ሚክሰሩ ጋ ምልክት የሚሰጥ ሰው የለም። ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጠው የሚኒ ሚዲያ ልጅ ነው፤ እያንዳንዱ ቻናል ላይ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ ይጻፍበታል፤ መድረክ መሪው ሲወርድ ማይኩን ይዞ ይወርዳል።

መመሪያው ያላሰበው ነገር በቀጣዩ ዓመት መጣ። ተናጋሪው ንግግሩን በአማርኛ ጀምሮ በሶማልኛ ሊጨርስ ፈለገ፤ ከገምጋሚዎቹ አንዳቸውም ሶማልኛ አያነቡም። ድሬ ላይ ይህ አለመታሰቡ ይገርማል፤ ድንኳኑ ውስጥ ሦስትና አራት ቋንቋ ነው የሚወራው። ቀላሉ መንገድ «በአማርኛ ብቻ ይሁን» ማለት ነበር፣ ሐሳቡም ቀርቦ ነበር። በምትኩ ፊዚክስ መምህሩ ሶማልኛ ያነባል ተብሎ ተጠራና በአንድ ከሰዓት ጨረሰው።

ያ ልጅም ሮቶውን ጠቅሷል። ርዕሰ መምህሩ በተፈቀደለት ሳምንት ውስጥ ዳር ላይ የጻፈው አስተያየት አንድ መስመር ነው፤ «አሁን የተተከለው ባለ ሁለት ሺህ ሳይሆን ባለ አምስት ሺህ ሊትር ነው፤ ይስተካከል።»