ሳይውጠው ጎተትኩት

ይሄን ገጠመኝ ለማንም በደንብ አውርቼው አላውቅም፣ ሰሞኑን አንድ አዲስ ስራ የጀመረ ልጅ "እንግዳ ሲቆጣህ ምን ታደርጋለህ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ትዝ አለኝና ልጻፈው አልኩ። እንግዳው ግን አልተቆጣኝም ነበር፣ ከቁጣ ይልቅ አለመቆጣቱ ነው የከበደኝ።

ስራዬ አስጎብኚነት ነው፣ ያደግኩት መርሃቤቴ አለም ከተማ ነው፣ አብዛኛው የምይዘው እንግዳ ደግሞ ወፍ ለማየት የሚመጣ ነው። ሰሜን ሸዋን ሰው የሚያውቃት በጭላዳ ዝንጀሮና በብርድ ነው እንጂ ለወፍ ሰው ትልቅ አገር ናት፣ አንኮበር ገደል ላይ በፈረንጆቹ 1976 የተገኘችው የአንኮበር ሰሪን የምትባል ትንሽ ወፍ አለች፣ ጀማ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ የሀርዉድ ቆቅ የሚሏት አለች፣ ከኢትዮጵያ ውጪ አለም ላይ የትም አትገኝም። ያልኩት እንግዳም የመጣው ለእሷ ነው፣ አገሩ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ አካባቢ፣ እድሜው አርባዎቹ ውስጥ፣ ትሁት ሰው።

ሙከጡሪ ላይ ቡና ስንጠጣ ከሻንጣው ውስጥ የሚተጣጠፍ የአሳ ማጥመጃ ዘንግ አወጣና "ቆቋን ካየን በኋላ ጀማ ላይ ትንሽ ብሞክር ችግር አለው?" አለኝ። ስልክ ደውዬ ቀበሌ ያለ የማውቀው ሰው አናገርኩ፣ እሺ ተባለ። ከዛ ከለሚ ወደ ጀማ ስንወርድ ሰውየው ስለ አሳ ማውራት ጀመረና አላቆመም፣ ያን ቁልቁለት ያየ ያውቀዋል፣ ብርዱ እየቀረ ሙቀቱ ፊትህ ላይ እየመጣ ነው የምትወርደው፣ እኔ መሪ ይዣለሁ እሱ አሳ ያወራል።

የሚወዳት አሳ ጆን ዶሪ ትባላለች፣ የጨው ባህር አሳ ናት፣ እነሱ አገር ወደብ ስር ሁሉ ትገኛለች። ሲነግረኝ አይኑ ያበራ ነበር። ከጎን ስታያት ሰፊ ትሪ ታክላለች አለኝ፣ ፊት ለፊት ስታያት ግን ቀጭን መስመር ናት፣ የለችም ማለት ይቻላል። ፈጣን ዋናተኛ አይደለችም፣ አታሳድድም፣ ትንንሾቹን አሳዎች ፊት ለፊት ሆና ቀስ እያለች ትጠጋቸዋለች፣ እነሱም ስፋቷን ስለማያዩት አይሸሹም፣ ስትደርስባቸው የታጠፈው አፏ እንደ ቱቦ ወደ ፊት ይመዘዝና ከነውሃው ሳብ ታደርጋቸዋለች፣ ሳታኝክ ሙሉውን። ጎንና ጎኗ ላይ ትልቅ ጥቁር ነጠብጣብ አላት፣ ፈረንጆቹ የቅዱስ ጴጥሮስ የጣት አሻራ ነው ይላሉ፣ ፈረንሳይኛው ስሟም ሳን ፒየር ነው። እኔም ማቴዎስ ምዕራፍ 17 ላይ ጌታ ጴጥሮስን መንጠቆ ጣልና የመጀመሪያውን አሳ አፍ ክፈት ያለውን አነሳሁለት፣ እሱም አዎ ታሪኩን ከዛ ነው የሚያገናኙት አለኝ፣ ግን የገሊላ ባህር ጨው የሌለው ሀይቅ ስለሆነ ጆን ዶሪ እዛ አትኖርም፣ እዛ የጴጥሮስ አሳ እየተባለ የሚበላው የኛ የቆሮሶ ዘመድ ነው አለ። ይሄን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ፣ ቆሮሶን ማን እንደዛ አስቦት ያውቃል።

አጠማመዷን ደግሞ እንዲህ ነው ያስረዳኝ። መጀመሪያ በትንንሽ መንጠቆ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ትንሽ አሳ ትይዛለህ፣ በህይወቷ ነው የምትፈልጋት፣ ትልቁን መንጠቆ ከጀርባዋ ክንፍ ፊት ያለው ቆዳ ስር ብቻ ታሳልፋለህ፣ አከርካሪዋን ከነካህ ትሞታለች፣ የሞተች ከሆነች ደግሞ ብዙ ጊዜ ጆን ዶሪ ዞር ብላም አታያትም። በእርሳስ ክብደት ወደ ታች ታወርዳታለህ፣ መሬት ስትነካ አንድ ሁለት ሜትር ከፍ አድርገህ ትተዋታለህ፣ ከዛ ትጠብቃለህ። ሉር የሚሉትም አለ፣ ከላስቲክ ወይም ከብረት የተሰራ የውሸት አሳ ማለት ነው፣ እሱም ይሰራል ግን ዝግ ብለህ ካንቀሳቀስከው ብቻ ነው፣ ካፈጠንከው አትከተልህም። ስትይዝ ደግሞ ብዙ አትታገልም፣ አንዳንዴ እንደውም መንጠቆው ጭራሽ አልያዛትም፣ ትንሿን አሳ አፏ ውስጥ እንደያዘች ብቻ ዝም ብላ ትወጣለች፣ ውሃው ፊት ላይ ስትደርስ ትተፋውና ትሄዳለች፣ ለዛ ነው መረብ ቀድሞ መዘጋጀት ያለበት። "የሚቸኩል ሰው ጆን ዶሪ አይበላም" አለኝ። ይቺን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

በነጋታው ንጋት ላይ ቆቋን አየናት፣ ድምጿን ቀድመን ሰማን፣ ከዛ ከማሽላው ዳር ወጣች፣ እንግዳው እንባ ሁሉ መጣው። እስከ 3 ሰአት ዋናው ስራ ተጠናቀቀ ማለት ነው፣ እና እኔም ዘና አልኩ። ጥፋቱ ከዚህ ነው የሚጀምረው፣ ዋናው ስራ አለቀ ብዬ አሰብኩ።

ወንዙ ዳር አሳ እያጠመዱ ለመንገደኛ የሚሸጡ አባት አሉ፣ አባባ ነው የምላቸው። የሰፈሩ ልጆች በአጎበር ቁራጭ ትንንሽ አሳ ከጉድጓዱ ውሃ ላይ ጨልፈው አመጡልን፣ ሀያ ምናምን ይሆናል፣ እንግዳው ባልዲውን ሰጠኝና "እነዚህን አደራ፣ ጥላ ውስጥ ይሁኑ፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይር" አለኝ። እኔ ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ እንደታጨቁ መኪናው አጠገብ አስቀመጥኳቸውና ስልክ ላወራ ሄድኩ፣ የመኪናው ጥላ ደግሞ ዞረ። ጀማ ቆላ ነው፣ ጥርም ሆኖ ያቃጥላል። ስመለስ ግማሾቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል፣ የቀሩት ውሃው ፊት ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ነው። ውሃ ሲሞቅ ውስጡ የሚይዘው አየር ይቀንሳል፣ ብዛታቸው ሲጨመርበት ደግሞ ያለውን ተሻምተው ጨረሱት፣ ይሄን እንግዳው ነው በኋላ ያስረዳኝ፣ ያኔ ግን ባልዲውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ "ችግር የለም" ብሎ ወደ ወንዙ ሄደ።

አባባ ግን ዝም አላሉም። "አንተ ልጅ፣ አደራ የተባልከውን ነው እንዲህ የምታደርገው?" አሉኝ፣ ከዛ ያረጀ ቢጫ ጀሪካን አምጥተው በጋለ ሚስማር ዙሪያውን በሳሱት፣ አፉን ሰፋ አድርገው ቆረጡት፣ የተረፉትን አሳዎች ከተው በገመድ ድንጋይ ላይ አስረው ወንዙ ውስጥ አስገቡት። ውሃው በቀዳዳው እየገባ እየወጣ ራሱን ይቀይራል። እንግዳው ሲያየው ሳቀና እኛ ወደብ ላይ በፓምፕ የምንሰራውን በሚስማር ሰሩት አለ፣ ተርጉሜ ነገርኳቸው፣ ደስ አላቸው። አባባ ድሮ በልጅነታቸው አሳ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ላይ ይበትኑ እንደነበር፣ ያ ግን ጫጩቱን ሁሉ እንደሚፈጅ፣ አሁን በመንጠቆ ብቻ እንደሚያጠምዱ አጫወቱን።

ቀን ላይ እንግዳው በሉር ሞከረ፣ ማንኪያ የመሰለች ውሃ ውስጥ የምትሽከረከር ብረት ናት፣ ፈሰስ የሚለው ውሃ ላይ እየወረወረ ሁለት ቢልጫ አወጣ፣ ቢልጫ ያሳድዳል፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲሮጥ ካየ ይከተላል። አምባዛው ግን ሌላ ነው፣ ድፍርስና ጥልቅ ውሃ ውስጥ ተኝቶ በሪዙ እየዳሰሰ የሚኖር አሳ ነው፣ እሱን በህይወት ባለ አሳ ማታ ላይ ነው የምንሞክረው ተባለ።

11 ሰአት ተኩል ላይ ከጀሪካኑ አንዷን አውጥቶ ሰካና ጥልቁ ጋ ጣለ። ያሰረው መንጠቆ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ ክብ ነገር ነው፣ እንዲህ አይነቱ መንጠቆ ሲይዝ አይጎተትም አለኝ፣ አሳው ውጦት ዞሮ ሲሄድ ክሩ ሲወጠር በራሱ ጊዜ የአፉ ጥግ ላይ ይሰካል፣ በሀይል ከሳብከው ግን ጫፉ ሳይነካ ተንሸራትቶ ይወጣል። ገባኝ አልኩት። ግማሽ ሰአት ተቀመጥን። ከማዶ ገደሉ ላይ የሆነ ንስር አረፈና እንግዳው ካሜራውን አንስቶ ዘንጉን እጄ ላይ ሰጠኝ፣ "ከሄደ ተወው፣ ክሩን ልቀቅለት፣ ጥራኝ" አለኝና ሀያ እርምጃ ያህል ሄደ።

ሄደ። ክሩ መጀመሪያ ትንሽ ነካ ነካ አለ፣ ከዛ ቆመ፣ ከዛ ዝም ብሎ ቀስ እያለ መሄድ ጀመረ፣ የሚያስፈራ አካሄድ ነው፣ ከባድ ነገር እንደሆነ እጅህ ላይ ይታወቅሃል። ያቺ ሰከንድ ላይ የተባልኩት ሁሉ ጠፋኝ። የባልዲውን ጥፋት የማካካስበት አጋጣሚ መሰለኝ፣ ጎትቼ አውጥቼ ይኸው ልለው ፈለግኩ፣ እና አልጠራሁትም፣ በሁለት እጄ ጨምድጄ ወደ ኋላ ሳብኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ውሃው ፊት ላይ ሰፊ ጥቁር ጭንቅላትና ሪዙ ታየ፣ ክንዴን የሚያክል አልልም፣ ከዛ ይበልጥ ነበር፣ ወዲያው ክሩ ባዶውን ተመልሶ ደረቴ ላይ መጣ። መንጠቆው ላይ ምንም የለም።

አባባ ከድንጋዩ ላይ ሆነው "ሳይውጠው!" አሉ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እንግዳው መጣ። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ድምጼ ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ክሩን ጠቀለለ፣ አጠገቤ ተቀመጠና እሱም ገና ልጅ እያለ የመጀመሪያዋን ጆን ዶሪ በዚሁ መንገድ እንዳጣት፣ አባቱ ያኔ ምንም እንዳላለው ነገረኝ። ከዛ ዝም አለ፣ ትንሽ ቆይቶ "አሳው አይደለም፣ ብትጠራኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር" አለኝ። ይቺ ናት እስካሁን የምትከነክነኝ። ሰውየው ከአለም ጫፍ የመጣው እኔ አሳ ሳወጣ ለማየት አይደለማ፣ ክሩ ሲሄድ እጁ ላይ ሊሰማው ነው የመጣው፣ እኔ ያችን ነው የወሰድኩበት። ወፍ ላይም ሳደርገው እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ፣ እንግዳው ራሱ ፈልጎ ሊያገኛት ሲል ቀድሜ "ያቻት!" እያልኩ በጣቴ ስጠቁም ኖሬያለሁ። አሁን አቅጣጫውን ብቻ ነግሬ ዝም እላለሁ፣ ራሱ ሲያያት ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ማየት በቂዬ ነው።

በማግስቱ ተመልሰን አዲስ አበባ ገባን፣ አምባዛ ሳይዝ ነው የሄደው። ለድርጅቱ በጻፈው አስተያየት ላይ ስለባልዲውም ስለዘንጉም አንድ ቃል አላነሳም፣ እኔው ነኝ ለአለቃዬ የነገርኩት።

ከወራት በኋላ ፎቶ ላከልኝ፣ ጆን ዶሪ በሁለት እጁ ይዞ። ቀጣዩን እንግዳ ይዤ ጀማ ስወርድ ለአባባ አሳየኋቸው፣ ስልኩን አቅርበው ብዙ አዩት፣ ጥቁሩ ነጠብጣብ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፣ የጴጥሮስ ጣት ነው የሚሉትን ነገርኳቸው፣ አማተቡ። ከዛ "ምን ትበላለች?" አሉኝ።

"ትንንሽ አሳ፣ በህይወት እያለ።"

"እንደኛው ናታ" አሉና ስልኩን መልሰውልኝ ጀሪካኑን ሊያዩ ወደ ውሃው ወረዱ።