ስድስቱ የናፍጣ ቱቦዎች፦ የ1፡8 ሞተሬ የደረሰበት

ናፍጣውን ከሚገፋው ፖምፓ፣ ናፍጣውን ሲሊንደሮቹ ውስጥ ወደሚረጩት ኖዝሎች የሚሄዱት ስድስት ቱቦዎች በመጨረሻ ቦታቸውን ያዙ! በ1፡8 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው ስምንት ጊዜ አሳንሼ፣ ከባዶ እየሠራሁት ያለሁት የጭነት መኪና ሞተር ሞዴል ብሎኩ፣ ቴስታታውና የዘይት ቋቱ አልቀው ሳለ ለረጅም ጊዜ ተገትሮ የቆመው በእነዚህ ቱቦዎች ምክንያት ነበር። አሁን ከየትኛውም አቅጣጫ ብመለከተው ዓይኔ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው፤ ደስታውን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ አልሆነልኝም። የናፍጣ ሞተር በሞዴል የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ቦታ ላይ መድረሱ ስለማይቀር የሠራሁበትን መንገድ በዝርዝር ላካፍላችሁ።

የምሠራው ኦኤም 352ን ነው። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በመካከለኛ የጭነት መኪናዎቹና ኡኒሞግ በተባለው ሁለገብ መኪናው ላይ የገጠመው፣ ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተሰለፉበት የ5.7 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 97 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 128 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለስምንት ስናካፍለው 12.1 እና 16 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጀማሪ በትንሽ ልኬት ቢጀምር ይሻለዋል የሚል ምክር በየጊዜው እሰማለሁ፤ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ራሱ 13 ሚሊ ሜትር ነው። በ1፡24 ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ስድስት ማዕዘን መሆኑን ለመለየት አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። በ1፡8 ግን 1.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በወረንጦ ይያዛል፣ ይቀረጻል፣ ቢጣመም ተነቅሎ ይስተካከላል። ትልቅ ልኬት የሚያስከፍለው ሌላ ነገር ነው፦ በትንሽ ልኬት ዓይን የሚያልፈው ጉድለት ሁሉ እዚህ ይጋለጣል።

የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች በአጭሩ ልለፋቸው። ብሎኩ ከ2 ሚሊ ሜትር የፖሊስታይሪን ሉህ የተሠራ ሣጥን ነው፤ እንዳይጎብጥ በውስጡ በየሲሊንደሩ መካከል ግድግዳ አለው። ፕላስቲኩን እያሟሟ በሚያጣብቀው ፈሳሽ ማጣበቂያ የተያያዘ መገጣጠሚያ በደንብ እስኪደርቅ ድረስ ሞረድ አይነካው፤ ፈሳሹ ውስጡ ቀርቶ ከሳምንታት በኋላ ሲተን ፕላስቲኩ ይሰረጉዳል። የብረት ቀረጻውን ሻካራ መልክ ለማምጣት ስቱኮውን በማሟሟያ አቅጥኖ ፀጉሩ ባጠረ ብሩሽ እየጠቀጠቁ መቀባት፣ ሲደርቅም በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት ጫፍ ጫፉን ብቻ መንካት ይበቃል። ዋናው ነገር የት እንደማይቀባ ማወቅ ነው። ቴስታታው በብሎኩ ላይ የሚቀመጥበት፣ ጓርኒሲዮን የሚያርፍበት፣ ፖምፓው የሚታሰርበት ፊት ሁሉ በማሽን የተላገ ነውና ልስልስ ብሎ ይቅር። ብዙዎች ሞተሩን በሙሉ አንድ ዓይነት ሻካራ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ የተቀረጸውና የተላገው ብረት ስለማይለይ ሞተሩ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ይመስላል።

አሁን ወደ ቱቦዎቹ ልምጣ።

ሽቦ ከመንካቴ በፊት ቱቦዎቹ ለምን እንደዚያ እንደሚጠማዘዙ ለመረዳት ጊዜ ወሰድኩ። የእውነተኛ ሞተር ፎቶግራፍ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው፣ ለፖምፓው ቅርብ የሆነው ሲሊንደር ቱቦ በአጭሩ መሄድ ሲችል ዞሮ ተጠማዝዞ መድረሱ ነው። ይህ የሚሆነው ስድስቱም ቱቦዎች እኩል ርዝመት እንዲኖራቸው ነው። ፖምፓው ናፍጣውን ሲገፋ ግፊቱ በቱቦው ውስጥ የሚጓዘው ድምፅ በፈሳሽ ውስጥ በሚጓዝበት ፍጥነት፣ በሰከንድ 1,400 ሜትር አካባቢ ነው። አንዱ ቱቦ ከሌላው 30 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም ኖዝሉ የሚከፈተው 0.2 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይሆናል። ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ሞተሩ በደቂቃ 2,800 ዙር ሲዞር የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ በዚያች ቅጽበት ከ3 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ያ ሲሊንደር ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀርቶ ያቃጥላል ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥምዘዛ የተረፈውን ርዝመት የሚያጠራቅም ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ቱቦዎቹን በግምት ማጣመም ቀርቶ ስድስት እኩል ሽቦዎች ቆርጬ፣ የእያንዳንዱን ትርፍ የት እንደማሳርፍ ብቻ ማሰብ ጀመርኩ።

ሌላው በብዙ ሞዴሎች ላይ የማየው ስሕተት የቱቦዎቹ መቆላለፍ ነው። የዚህ ሞተር የማቀጣጠል ተራ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ የሚያቃጥሉበት ቅደም ተከተል፣ 1-5-3-6-2-4 ነው፤ ሠሪው ይህን ያነብና ቱቦዎቹን በዚያ ተራ ያሻግራቸዋል። በመስመር በተሰለፈ ፖምፓ ላይ ግን ተራውን የሚጠብቀው ፖምፓው ውስጥ ያለው ካም ሻፍት፣ ጉብታዎች ያሉት ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ነው፤ የመጀመሪያው መውጫ ለመጀመሪያው ሲሊንደር፣ ሁለተኛው ለሁለተኛው እያለ በቅደም ተከተል ይሄዳል። ቱቦዎች በማቀጣጠል ተራ የሚሻገሩት አንድ ግንድ እየዞረ ለሁሉም በሚያከፋፍልበት ክብ ፖምፓ ላይ ነው። የትኛው ዓይነት ፖምፓ እንደምትሠሩ ሳታውቁ ቱቦ አትጀምሩ።

እውነተኛው ቱቦ በውጪ 6 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ በእኛ ልኬት 0.75 ይሆናል። ባለ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ድፍን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲላጥ ውስጡ ያለው መዳብ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም። ከጥቅል የወጣ ሽቦ ግን ስውር ሞገድ አለው፤ በጣት ቢያሹት አይጠፋም፣ ቀለም ሲቀባ ይባስ ይወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንዱን ጫፍ በሞርሳ ማሰር፣ ሌላውን በፒንሳ ይዞ ቀስ እያሉ መሳብ። ሽቦው መጀመሪያ ይታገላል፣ ከዚያ እጅ ላይ በሚሰማ ሁኔታ ትንሽ ለቀቅ ብሎ ይረዝማል፤ እዚያው ላይ ማቆም ነው። ሲፈታ እንደ ክር የቀና ይሆናል፣ ትንሽም ይጠነክራል።

ከመዳቡ በፊት ግን ሙከራውን ለብየዳ በሚያገለግለው ለስላሳ የስታኞ ሽቦ አደረግሁ፤ ከሁሉም በላይ የምመክረውም ይህን ነው። ስታኞ በጣት ይጣመማል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ከፖምፓው አንገት አስነስቶ እስከ ኖዝሉ ድረስ በፎቶግራፉ መሠረት ማሄድ፣ ማውጣት፣ አቃንቶ ርዝመቱን መለካት። ስድስቱንም እንዲህ አድርጌ ረጅሙን መለኪያ ያዝኩና ሌሎቹ ከእሱ እኩል እስኪሆኑ ጥምዘዛቸውን አሰፋሁ። ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ የስታኞዎቹን ቅርጽ እያየሁ መዳቡን አጣመምኩ።

ማጣመሚያዬ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የትራፓኖ መሰርሰሪያ ለስላሳ ጫፉ ነው። ፒንሳ፣ በተለይ ጥርስ ያለው፣ ከዚህ ሥራ ይራቅ፤ የሚተወው ጭረት በቀለም አይሸፈንም፣ የሚሠራው ማዕዘንም ስለታም ነው። እውነተኛ የግፊት ቱቦ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የትም ቦታ ስለታም ሆኖ አይታጠፍም፤ ሁሉም መዞሪያው ሰፊና ልዝብ ነው። መዳብ ደጋግመው ሲያጣምሙት ይደድራል፤ እምቢ ሲል ከመታገል በእሳት ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሎ ማብረድ ነው። እንደገና እንደ አዲስ ይለሰልሳል።

ከዚያ የሚያናድደው ክፍል፦ ዳዶዎቹ። በሁለቱም ጫፍ ቱቦውን አጥብቆ የሚይዝ 17 ሚሊ ሜትር ዳዶ አለ፤ በእኛ ከ2 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። አሥራ ሁለቱንም ከስድስት ማዕዘን የናስ ዘንግ እየቆረጥኩ መሃላቸውን 0.9 በሳሁ። ቶርኖ ያለው ሰው በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። የሌለው ዘንጉን በትራፓኖ አፍ አስሮ እያዞረ፣ መሰርሰሪያውን ሳይንቀሳቀስ በሞርሳ ይዞ ቢበሳ ቀዳዳው መሃል ላይ የማረፍ ዕድሉ እጅግ ይጨምራል። ዳዶዎቹ የሚገቡት ደግሞ የመጨረሻው መዞሪያ ከመታጠፉ በፊት ነው። ከታጠፈ በኋላ ናሱ መዞሪያውን አያልፍም። ሁለቱም ዳዶዎች ሽቦው ገና ቀጥ ያለ ሳለ ይግቡ፤ በትንሽ የወረቀት ማጣበቂያ ከመሃል ይያዙ፣ ጫፎቹ ከመታጠፋቸው በፊት ወደ ቦታቸው ይንሸራተቱ።

ሲገጠም ለብሎኩ ቅርብ የሆነው ይቀድማል፣ ውጪኛው ይከተላል። ቱቦዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙትን ትንንሽ ማሰሪያዎችም አትርሱ፤ እውነተኛው ሞተር ላይ ባይኖሩ ቱቦዎቹ በንዝረት ይሰነጠቁ ነበር። ለእኛ ሌላ ጥቅምም አላቸው፦ በሁለት ቱቦዎች መካከል ያለውን ክፍተት እኩል አድርገው ይይዛሉ። ከ0.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቆርጬ ሁለት ግማሾች አድርጌ ሠራኋቸው፤ መሃላቸው ላይ አንዲት ጥቃቅን ቡሎን አለች።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። መዳቡን መልኩ ስላማረ ብቻ ሳይቀቡ የሚተዉ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት። ኖዝሉ የሚከፈተው 200 ባር አካባቢ በሚሆን ግፊት ነው፤ እነዚህ ቱቦዎች የብረት ናቸው። ዘይቱን በአልኮል ጠርጎ፣ ብረት ላይ የሚይዝ መነሻ ቀለም ሰጥቶ፣ ደብዛዛ የብረት ግራጫ መቀባት ነው። መዳብ የሚታይበት ቦታ ከፈለጋችሁ ዝቅተኛ ግፊት ባላቸው የናፍጣ መስመሮች መገጣጠሚያ ላይ፣ ቡሎን ከሚያልፍበት የቱቦው ጫፍ ቀለበት በላይና በታች የሚገቡት ስስ የመዳብ ሮንዴላዎች አሉ። እነሱን አጥርቶ መሥራት የሞተሩን መልክ ይለውጠዋል።

ለቱቦ ሥራ ትዕግሥት የለኝም የሚል ሰው ካለ ሞተሩን በጥንቃቄ ይምረጥ። ከምንስ ኤንቲሲ 855 ትልቅ፣ ግርማ ያለው የ14 ሊትር ሞተር ነው፤ ነገር ግን ኖዝሎቹ የሚገፉት በሞተሩ ካም ሻፍት ስለሆነ ናፍጣው የሚደርሳቸው በዝቅተኛ ግፊት ነው፣ ለየሲሊንደሩ የሚዘረጋ የግፊት ቱቦ የለውም። የዲትሮይት 71 ተከታታይ ሞተሮችም እንዲሁ ፖምፓና ኖዝላቸው አንድ ላይ ነው። ይህን ምክር የምሰጠው ግን ቅር እያለኝ ነው፤ ለእኔ ቱቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ግማሽ ደስታው የጎደለ ነው።

በኮምፒውተር ነድፎ በ3ዲ ማተሚያ ስለማተም ደግሞ ብዙ ክርክር አለ። ጠመዝማዛ ለሆነው የተርቦ ቅርፊት ዓይነት ነገር ማተሚያው ተወዳዳሪ የለውም፤ የኔ ሞተር ተርቦ ቢኖረው ሳላመነታ አትመው ነበር። ብሎክን የሚያህል ጠፍጣፋ ነገር ማተም ግን ትርፉ ድካም ነው፤ የንብርብሩን መስመር ሞርዶ ለማጥፋት የሚወስደው ጊዜ ከሉህ ቆርጦ ለመሥራት ከሚወስደው ይበልጣል። ልኬት አወሳሰድ ላይ ደግሞ ከሩቅ ቆሞ በማቅረቢያ ሌንስ የተነሳ ፎቶግራፍ ብቻ ነው የምቀበለው። ከቅርብ የተነሳው የፊቱን ያገዝፋል፣ የኋላውን ያሳንሳል፤ በእሱ የተሠራ ሞተር ሁሉ አፍንጫው ይገዝፋል።

ማንም በማያየው ቦታ ላይ ብዙ ሰዓት እንደማጠፋም ልናዘዝ። የፖምፓው የጎን ክዳን ሲዘጋ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ሞላዎች (ስፕሪንጎች) ይሸፈናሉ፤ ሠርቼ ከትቻቸዋለሁ። ለሌላ ሰው ይህን አልመክርም፣ እኔ ግን ወደፊትም አልተውም። ስለ ዝገትና ስለ ዘይት እድፍ አቀባብ የምጨምረው የለኝም፤ ሞተሬ ከፋብሪካ እንደወጣ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀር ስለምፈልግ አልሞከርኩትም።

ቀጥሎ የሚጠብቀኝ የማራገቢያው ቺንጋ ነው። በሞዴሎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማየው ክብ ላስቲክ ፑሊው ጎድጓዳ ውስጥ ሰምጦ ነው። እውነተኛው ቺንጋ ግን ጎኖቹ ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ወደ ታች የሚጠቡ ናቸው፤ ይዞ የሚያዞረው በጎኖቹ ስለሆነ ጀርባው ከፑሊው ጠርዝ ጋር እኩል ይሆናል፣ ሆዱ ደግሞ የጎድጓዳውን ወለል አይነካም። ከጎማ ሉህ በዚህ ቅርጽ ቆርጦ የተሳካለት ካለ፣ ምላጩን በምን አጋድሞ እንደያዘውና ሁለቱን ጫፎች መገጣጠሚያው ሳይታይ በምን እንዳያያዛቸው ቢጽፍልኝ ወዲያውኑ እሞክረዋለሁ።