ከኪንግ እጅ ለማምለጥ የፈጀብኝ ክረምት

«ቴከን» በተባለው የፍልሚያ ቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ የጃጓር ጭንብል ያጠለቀው ተፋላሚ ኪንግ ሁለት እግሬን ይዞ ማሽከርከር ሲጀምር፣ ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እስኪወረውረኝ መጠበቅ ለዓመታት ልማዴ ነበር። «ጃያንት ስዊንግ» የሚባለው ይህ ውርወራ አንዴ ከተጀመረ ከእጁ ማምለጥ አይቻልም፤ ከመጀመሩ በፊት ግን የሚደረግ ነገር እንዳለ በቅጡ አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ቴከን 7ን ከአክስቴ ልጅ ጋር ስጫወት፣ የኪንግን እጅ አይቶ የማምለጥን ዘዴ ለመማር ቆርጬ ተነሣሁ። ሁለት ወር ተኩል ያህል ወሰደብኝ፤ ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያው ወር፣ አሁን ሳስበው፣ በከንቱ የባከነ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ሥርዓቱን ባጭሩ ላስረዳ። በቴከን አራቱ ዋና ዋና ቁልፎች እያንዳንዳቸው የአንድ አካል ናቸው፤ በፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ላይ ካሬው የግራ እጅ፣ ሦስት ማዕዘኑ የቀኝ እጅ፣ ኤክሱ የግራ እግር፣ ክቡ የቀኝ እግር ነው። ተጋጣሚ ይዞ ሊጥል ሲመጣ የትኛውን እጁን እንዳስቀደመ ማየትና የዚያኑ እጅ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል፤ ግራውን ካስቀደመ ካሬ፣ ቀኙን ካስቀደመ ሦስት ማዕዘን፣ ሁለቱንም እኩል ከዘረጋ ደግሞ ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ላይ ይጫናሉ። ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ተከታታይ ምስል፣ ይሄዳል። ተራው መያዣ ከተነሣ በ12ኛው ፍሬም ይደርሳል፤ ከተያዙ በኋላ ለማላቀቅ የሚሰጠው ጊዜ በቴከን 7 በአብዛኛው 20 ፍሬም፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ነው። ከጊዜው ማጠር ይልቅ የሚከፋው ግን ጨዋታው የሚቀበለው መጀመሪያ የተጫነውን ቁልፍ ብቻ መሆኑ ነው፤ በስሕተት ካሬን የነካ ሰው ወዲያው ሦስት ማዕዘንን ቢደግም አይጠቅመውም።

እኛ ልጆች ሳለን ይህን ሁሉ የሚነግረን አልነበረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቴከን 3ን የምንጫወትበት ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ የተሸነፈ ይነሣል፤ ኪንግን የመረጠ ልጅ ደግሞ በቀላሉ አይነሣም ነበር። ስንያዝ የምናደርገው ቁልፎቹን ሁሉ ባንድነት መደብደብ ነበር፤ አንዳንዴ እናመልጣለን፤ ለምን እንዳመለጥን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ባለቤቱ የሚቆጣው በመሸነፋችን ሳይሆን በጆይስቲኩ መደብደብ ነበር። ኪንግ በጨዋታው ታሪክ ወላጅ አልባ ልጆችን የሚያሳድግ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ በእኛ ላይ ግን እንዲህ ያለ ርኅራኄ አሳይቶ አያውቅም።

ወደ ክረምቱ ልመለስ። መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም የሚያደርገውን ነው። በልምምድ ክፍሉ ውስጥ ኪንግን አቁሜ ሦስት መያዣዎችን ቀዳሁ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በሁለት እጅ የሚይዝ ነበር፤ ከዚያም ማሽኑ ያለ ቅደም ተከተል እንዲያቀርብልኝ አዝዤ በየምሽቱ አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጥሁ። ውጤቱ ከግምት ብዙም የተሻለ አልነበረም። ከሦስቱ አንዱን እየገመትሁ መጫኔን ለራሴ እንኳ አላመንሁም፤ ችግሩ የጣቴ ዝግታ ነው ብዬ ስላሰብሁ ጣቴን ለማፍጠን ብቻ ደከምሁ።

ስሕተቴን ያገኘልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ከኋላዬ ቆሞ ጥቂት ካየ በኋላ «ጋሼ፣ የምታየው የራስህን ሰውዬ ነው እኮ» አለኝ። እውነቱን ነበር። እየተጫወትሁ ዓይኔ የሚያርፈው እኔ በማንቀሳቅሰው ተዋጊ ላይ ነው፤ የኪንግን እጅ የማየው ትከሻዬ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ያለኝ ጊዜ 20ው ፍሬም ብቻ ነበር። እጁ ግን መዘርጋት የሚጀምረው መያዣው ከመድረሱ 12 ፍሬም ቀድሞ ነው፤ ከመነሻው ያየ ሰው በጠቅላላው 32 ፍሬም፣ ከግማሽ ሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሴን ተዋጊ ማየት ትቼ ዓይኔን በኪንግ ደረትና በክርኖቹ መካከል አሳረፍሁ። መዳፉን መከታተል አይሆንም፤ መዳፍ ይፈጥናል። ክርን ግን ሲነሣ በደንብ ይታያል።

ይህም ብቻውን አልበቃም፤ ሦስት አማራጭ ለአእምሮዬ በዛበት። አንድ ብርሃን ሲበራ አንድ ቁልፍ መጫን ለብዙ ሰው ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ምርጫ ሲጨመርበት ግን ጊዜው ይረዝማል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሂክ በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይህንኑ ነው፤ አማራጮች በበዙ ቁጥር ምላሽ ይዘገያል። እኔም መጨመሩን ትቼ ለመቀነስ ሞከርሁ። በቴከን 7 ተራዎቹ መያዣዎች በካሬም በሦስት ማዕዘንም ይላቀቃሉ፤ ያ የምፈራው ጃያንት ስዊንግም የሚላቀቀው በግራ እጅ ነው። እንግዲያው ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሁን አልሁ፤ «ሁለቱም እጅ ነው ወይስ አይደለም?» ካልሆነ ካሬ፣ ከሆነ ሁለቱ በአንድ ላይ። በቀኝ እጅ ብቻ የሚላቀቁትን መያዣዎች ለጊዜው እያየሁ ተውኋቸው፤ መወርወሩን ተቀበልሁት። ሁለቱን ቁልፎች በአንድ አውራ ጣት እኩል መጫን እያዳገተኝ ካሬዋ ስለምትቀድም፣ ጥምሩን በጆይስቲኩ ትከሻ ላይ ላለው ቁልፍ በቅንብሩ ሰጠሁት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያየሁት ለውጥ በመጀመሪያው ወር ሙሉ ካየሁት በለጠ። ቀኙን እጅ የጨመርሁት «ሁለቱም ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ጥያቄ ሳላስበው የሚመለስ ሲሆን ነው፤ ያኔ ሦስተኛው ምርጫ እንደ መጀመሪያው አልከበደኝም።

ከዚያ ያላሰብሁት እንቅፋት መጣ። የተለማመድሁት ሁልጊዜ በስክሪኑ ግራ በኩል ቆሜ ነበር። ኪንግ በቀኝ ቆሞ ወደ እኔ ሲዞር ለተመልካቹ የሚቀርበው የግራ ጎኑ ነው፤ ግራ እጁ ፊት ለፊት ይታያል፣ ቀኙ በከፊል በገላው ይሸፈናል። ቦታ ስንለዋወጥ ሁሉም ይገለበጣል። እኔ ደግሞ ሳላውቀው «ግራ እጅ» የሚለውን ሳይሆን «የቀረበውን እጅ» ለምጄ ኖሯል፤ ስለዚህ በቀኝ በኩል ስቆም የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ። ይህን የሚያቃና አቋራጭ አላገኘሁም። አንድ ምሽት በግራ፣ አንድ ምሽት በቀኝ እያልሁ እንደ አዲስ ተማርሁት። ዘዴውን ዛሬ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎን እየቀያየረ እንዲለማመድ እነግረዋለሁ።

ቴሌቪዥኑም የራሱ ድርሻ ነበረው። የሳሎኑ ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር ሲል ያዘገየዋል፤ የጨዋታ ሁነታውን ሳበራ ልዩነቱ ወዲያው ተሰማኝ። ከግማሽ ሰከንድ ላይ ጥቂት ፍሬም እንኳ መሰረቅ ቀላል ነገር አይደለም።

በልምምድ ክፍሉ ከአሥር ስምንቱን ማላቀቅ ስጀምር የአክስቴን ልጅ ጠራሁት፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ግጥሚያዎችም ተዋረድሁ። በልምምድ ጊዜ የሚመጣው መያዣ ብቻ መሆኑን አውቄ እጠብቃለሁ፤ እሱ ግን ቡጢም፣ እርግጫም፣ መያዣም ይልካል። ቆሞ የሚይዝን ተጋጣሚ ቁጭ ብሎ ማምለጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ቁጭ ያለ ሰው ወገብ ላይ የሚያርፍን ምት መመከት አይችልም፤ የኪንግ ተጫዋች የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ወደ ልምምድ ክፍሉ ተመልሼ ከሦስቱ ቅጂዎች አንዱን በወገብ ምት ተካሁት። አሁን ነባሪው ሥራዬ ቆሞ መመከት ሆነ፤ ጣቴም የሚንቀሳቀሰው ክርኑን ሳይ ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ልምምድ እጅግ የጠቀመኝ ይህ ነው፤ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ምንም አለመጫንን አስተምሮኛልና።

በክረምቱ መጨረሻ ከአክስቴ ልጅ ጋር ስንገጥም ሦስት ጃያንት ስዊንግ በተከታታይ አላቀቅሁበት። አራተኛውን አልሞከረም። ጆይስቲኩን ዝቅ አድርጎ «እያየህ ነው ወይስ እየገመትህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እያየሁ መሆኑን ስነግረው በሁለት እጅ ወደሚይዘው «መስል በስተር» ዞረ፤ እሱንም ከሁለት አንዱን አላቀቅሁ። ከዚያ በኋላ ያመጣው ግን እርስ በርስ የሚቀጣጠሉትን መያዣዎች ነው። በእነዚያ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ለእያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ አለው፤ እጁንም እንደ መጀመሪያው አጥርቶ አያሳይም። እነዚያን በዓይን ብቻ መያዝ ስለማይቻል የትኛው ከየትኛው እንደሚከተል በደብተር እየጻፍሁ ነው፤ እስካሁን የመጀመሪያዎቹን ሁለት መሸጋገሪያዎች አውቃለሁ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን አሁንም ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀምጣለሁ።