የሞኖዊን ሕዝብ ብዛት እንዴት እንዳጣራሁ

ሞኖዊ በአሜሪካዋ ነብራስካ ሰሜናዊ ጠርዝ፣ ቦይድ ካውንቲ ውስጥ፣ በ12 ቁጥር የግዛቱ አውራ ጎዳና ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 የሕዝብ ቆጠራ 1 ሰው ተመዘገበባት፤ በ2020 ደግሞ 2። በመካከሉ ግን ነዋሪዋ ያችው አንዲት ሴት ነበረች። በአማርኛ አጭር መግለጫ ሳዘጋጅላት ከሁሉም በላይ የለፋሁት በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

የጀመርኩት ከወሰኑ ነው፤ ወሰኑ ሳይታወቅ ቁጥሩ የማን እንደሆነ አይታወቅምና። ሞኖዊ በሕግ «ቪሌጅ» ናት። ቃሉን «መንደር» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። እኛ መንደር ስንል በሕግ የተከለለ ወሰንና የራሱ ከንቲባ ያለው ቦታ ማለታችን አይደለም፤ እሷ ግን ሁለቱም ነበራት። ስለዚህ «ትንሽ ከተማ» ብዬ ሕጋዊ ደረጃዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር አብራራሁ። «ካውንቲ»ንም ወደ «ወረዳ» ሳልመልስ እንዳለ ተውኩት።

ስፋቷን ከቆጠራ ቢሮው የቦታዎች ዝርዝር ፋይል ወሰድኩ፤ 0.21 ካሬ ማይል ነው። በ2.59 ሲባዛ 0.54 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፋይሉ የብስና ውሃን ለየብቻ ስለሚያስቀምጥ ሁለቱን መደመር የተለመደ ስሕተት ነው። ኬንትሮሱም ከዜሮ በታች መጻፍ አለበት፦ −98.3። የመቀነስ ምልክቷ ከቀረች ካርታው ከተማዋን ቻይናና ሞንጎልያ ድንበር አካባቢ ያስቀምጣታል። በፖስታ ዚፕ ኮድ የተሰበሰበ የሕዝብ ቁጥርም አልተጠቀምኩም፤ የዚፕ ኮድ ክልል የከተማ ወሰንን አይከተልም፣ ዙሪያውን ያሉ እርሻዎችን ጭምር ያጠቃልላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው። ቢሮው በ2020 የግለሰቦችን ምስጢር ለመጠበቅ በትንንሽ ቦታዎች አሃዝ ላይ ሆን ብሎ በስሌት የተወሰነ መዛባት ጨምሯል። የግዛቶች ጠቅላላ ቁጥር አልተነካም፤ የነብራስካ 1,961,504 እንደተቆጠረው ነው። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ባለበት ከተማ ይህ መዛባት አይታይም፤ አንድ ሰው ባለበት ግን ሕዝቡን እጥፍ ያደርገዋል። የመኖሪያ ቤቶች ብዛት እስከ ትንሿ የቆጠራ ክፍል ድረስ ሳይዛባ ነው የወጣው፤ ሰው ያለበትና ባዶው ቤት ተለይቶ የሚነገርበት አሃዝ ግን ተነክቷል። ስለዚህ አንድ ትንሽ ቦታ ላይ አጠራጣሪ የሕዝብ ቁጥር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የቤቶቹን ብዛት ተመልከቱ፤ ከዚያ የካውንቲውን ድምር።

ቢሮው ከተመረጡ ቤቶች ብቻ መልስ ሰብስቦ ግምት የሚያወጣበትን የአምስት ዓመት የናሙና ጥናትም ከፍቼ ነበር። እዚያ ከእያንዳንዱ ግምት ጎን የስሕተት ህዳግ፣ ማለትም ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ ህዳጉ ከግምቱ ከበለጠ ያንን አሃዝ አልወስድም። የሕዝብ ጥግግትንም አስወጣሁት፦ በ1 ሰው በካሬ ኪሎ ሜትር 1.9፣ በ2 ሰው 3.7 ይሆናል፤ ስለ ቦታው ግን አንዱም የሚነግረን ነገር የለም።

በመጨረሻ ያስገባሁት ይህን ነው፦ «በ2010 ቆጠራ 1 ነዋሪ። የ2020 ይፋ አሃዝ 2 ነው፤ ልዩነቱ ለምስጢር ጥበቃ ከተጨመረው መዛባት የመጣ ነው።» ከዓመቶቹ ፊት «እ.ኤ.አ.» አደረግሁ፤ የ2020 ቆጠራ ቀን፣ ኤፕሪል 1፣ በእኛ መጋቢት 23 ቀን 2012 ነውና።